የመጀመሪያው ገመድ

«ሙርዶ ገመድ አይይዝም። ገመድ የሚይዘው የሥጋ ዘመድ ነው» አለች ኤፊ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እኔ የምስር ሾርባ ድስት በሁለት እጄ አቅፌ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ። ኤፊ ባለፈው ቅዳሜ የሞተው የአጎቴ የዶድ ሚስት ናት፤ ሙርዶ ደግሞ አባቴ ነው፣ የዶድ ታላቅ ወንድም። በስልኩ የምታናግረው ቀብር አስፈጻሚውን መሆን አለበት፤ ቀጥላ «አንደኛውን ለኤክ ስጡልኝ። የአጎት ልጅ ቢሆንም የሞሊሰን ደም መሆኑ አያጠራጥርም» ስትል ሰማኋት። ድስቱን እዚያው በሩ ላይ ልደፋው ምንም አልቀረኝም። ግን ምስሩ ምን በደለ? እግር መጥረጊያው ላይ አስቀመጥኩትና ኮቴዬን ሳላሰማ ሦስቱን ፎቅ ወረድኩ። ክዳኑን በእጄ ይዤ መቅረቴን ያየሁት መንገድ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ነገ ዓርብ ዶድ ሲቀበር ሣጥኑ የሚወርደው በስምንት ገመድ ነው። እያንዳንዱ ገመድ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም የሣጥን ሥዕል ባለበት ትንሽ ካርድ ላይ ተጽፎ ለያዡ አስቀድሞ ይላክለታል። ሰውየው ካርዱን ኮቱ ኪስ ከትቶ ይመጣና መቃብሩ አፋፍ ላይ ቁጥሩ ሲጠራ ይቀርባል። ስምንተኛ ደረሰኝ ብሎ ሦስት ዓመት ያኮረፈ ሰው አውቃለሁ። አንደኛው ራስጌ ነው። አንደኛውን ልጅ ይይዘዋል፤ ልጅ ከሌለ ወንድም። ዶድና ኤፊ አልወለዱም፤ የዶድ ወንድም ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም፤ በከተማችን በዳንዲ ያደገ ሰው ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ነው።

ቤት ስገባ አባቴ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ጫማውን እየወለወለ ነበር። ዶድ ከሞተ ጀምሮ በየቀኑ ይወለውለዋል። ሂልታውን በሚባለው ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው የምንኖረው፤ ጭጋግ ከሌለ በወጥ ቤቱ መስኮት የቴይ ወንዝ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጭጋግ አለ። ማሞቂያውን እኔ ከሌለሁ አያበራም፤ ኮቱን ደርቦ ይቀመጣል። «አራት ፓውንድ አሉኝ» አለኝ የቀለሙን ቆርቆሮ ወደ እኔ እያዘነበለ፤ «ለጫማ ቀለም አራት ፓውንድ!» ፖስተኛው መጥቶ ሄዷል። የመጣው ሁሉ ከስኳሩ አጠገብ ተደርድሯል፦ የጋዝ ሒሳብ፣ የመስሚያ መሣሪያ ማስታወቂያ፣ የፒዛ ቤት ወረቀት። ካርድ የለም። «ነገ ጠዋት ይደርስ ይሆናል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። እኔ የሰማሁትን አልነገርኩትም፤ እሱም የሚያውቀውን አልነገረኝም። በእኛ ቤት የምንነጋገረው እንዲህ ነው።

ነገሩ አሮጌ ነው። በአገራችን የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወስዳል። ቅድመ አያቴ ጆርጅ ነበር፤ ስለዚህ የአያቴ የበኩር ልጅም ጆርጅ መባል ነበረበት። አባቴ ግን ሙርዶ ኒኮልሰን ሞሊሰን ተባለ፤ ጆርጅነቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ለተወለደው ለዶድ ደረሰ፤ ዶድ የጆርጅ ቁልምጫ ነው። ሙርዶ የሚባል ሰው በእኛ በኩል የለም፤ የምዕራብ ደሴቶች ስም ነው። መሐል ላይ የተሰነቀረው ኒኮልሰን ደግሞ የቤተ ሰብ ስም ነው፤ ልጃገረድ ሳታገባ ስትወልድ የእውነተኛው አባት ስም እንዳይጠፋ መሐል ላይ እንደምትደብቀው ደግሞ የማያውቅ የለም። ቅድመ አያቴ ስሜ ተረገጠ ብሎ ተቀየመ። መጀመሪያውኑም ከሌላኛው ቤተ ክርስቲያን ወገን ስለነበር ምራቱ ወደምታመልክበት ወደ ባልዱሪ መንደር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዝር ላለማለት ምሏል፤ ለጥምቀቱም አልሄደም፤ ከቤቱም ማንንም አላስኬደም። የአያቴ እህት ሌክሲ ግን ቁጭ ብላ ወራቱን ደመረች፣ ቀነሰች፣ ስሙን አገላበጠችና ነገሩን ጨረሰችው። ስም ካለ ባለቤት አይጠፋለትምና ባለቤትም ተገኘለት፦ ከስካይ ደሴት ለድንች ለቀማ የመጣ ኒኮልሰን የሚባል ሰው። አንዱ ፀጉሩ ቀይ ነበር ይላል፣ አንዱ ቫዮሊን ይጫወት ነበር ይላል፣ ሌላው ደግሞ እዚያው ባልዱሪ ፈረስ ረግጦት ሞቶ ተቀበረ ይላል። ያየው ግን የለም።

አባቴ ይህን የሰማው በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ሰው ሠርግ ላይ ካፖርት ከተሰቀለበት ጥግ ተደብቆ ሲጫወት፣ ከሌክሲ አፍ ነው። እናቱን አልጠየቀም። አባቱንም አልጠየቀም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው፤ ሆዱም ሰባ ዓመት ገደማ ፈጀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና አያቶቼ እንዲህ መባሉን ሳይሰሙ ሞቱ። ዶድ ራሱ ግድ አልነበረውም፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ኳስ ያያል፣ እኩል ይሰዳደባሉ፣ እኩል ይጠጣሉ። አንድ ጊዜ እኔ «አባዬ፣ አሁን እኮ ምርመራ አለ፤ ካንተም ከዶድም ትንሽ ምራቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት» ብዬው ነበር። «ምራቄን በፖስታ ልኬ አባቴ ማን ነው ብዬ ሰው አልጠይቅም» አለኝ። አሁን ዶድም የለም።

ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አሞኝ ነው ብዬ ልቀር አስቤ ነበር፤ ግን «ምንሽን?» ቢሉኝ ምላሴ ላይ የሚመጣው ጥርሴን እንደሚሆን ስለማውቅ እውነቱን ነገርኳቸውና ወደ ከተማው መዝገብ ቤት ሄድኩ። ከምድር በታች ያለ ክፍል ነው፤ የእርጥብ ካፖርትና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለው። ጡረተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሙታናቸውን ይፈልጋሉ። ወይዘሮ ስትራካን የሚባሉ በጎ ፈቃደኛ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንጠልጥለው፣ ከፊቴ ተቀመጡና የጋብቻውንም የልደቱንም መዝገብ አወጡልኝ። አያቶቼ የተጋቡት በኦክቶበር ነው። አባቴ የተወለደው በሚቀጥለው ኤፕሪል፣ በ1938 ነው። ስድስት ወር። በጣቴ ስቆጥር አይተውኝ ነው መሰለኝ ሳቅ አሉ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። በዚያ ዘመን የአንጉስ አውራጃ ግማሹ ሰው እንዲህ ነው የተወለደው። ሠርጉ የሚደገሰው ሙሽራዋን ቀሚሷ ሲጠባት ነበር።»

ልጁን ያስመዘገበው አያቴ ራሱ ነው፤ «አባት» በሚለው ቦታ ላይ ፈርሟል። ይህ ለእኔ በቂ ነበር፤ ለኤፊ ግን እንደማይበቃ አውቃለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሐሜት ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። አባቴ በተፀነሰበት ዓመት የባልዱሪ የመራጮች ስም ዝርዝር ውስጥ ኒኮልሰን የሚባል አልነበረም፤ ግን ለድንች የመጣ ሰው ምን ሊያደርግ ይመዘገባል፣ ምንስ ሊመርጥ? የደብሩ የጥምቀት መዝገብ የእነዚያ ዓመታቱ ክፍል በእርጥበት ተበላሽቷል። የመቃብር ድንጋዮች ጽሑፍ የተሰበሰበበት ቀጭን መጽሐፍ ነበረ፤ ፈጥኜ ገለጥኩት። መጽሐፉ ከ1855 በፊት ያሉትን ድንጋዮች ብቻ ነው የያዘው፤ ከዚያ ወዲህ የሞተውን መንግሥት መዝግቦታል ብለው አዳዲሶቹን ያነበበ የለም። «የቀረውን ራስሽ ሄደሽ ማንበብ ነው» አሉኝ ወይዘሮ ስትራካን። «መስታወት ያዢ። ፀሐይዋን ከጎን አምጥተሽ ድንጋዩ ላይ ስትጥያት የሞተው ፊደል ይነሣል። አደራ፣ በሽቦ ብሩሽ እንዳትነኪው።»

ወደ ቤት እየሄድኩ ፍርሃት ያዘኝ። የምፈልገው እንዳይገኝ የምመኘውን ነገር ነው። ኒኮልሰን የሚል ድንጋይ እዚያ ግቢ ውስጥ ካለ ኤፊ ረታች፣ ሌክሲም ከመቃብሯ ሆና ረታች፤ አባቴ ነገ ከወንድሙ መቃብር ሦስተኛ ረድፍ ላይ እንደ ጎረቤት ይቆማል። ከሌለ ደግሞ ምንም አልተረጋገጠም። ጫማ ልቀይር ብቻ ብዬ በሩን ስከፍት አባቴ የቀብር ኮቱን ለብሶ፣ የተወለወለውን ጫማ አድርጎ፣ የነጻ አውቶቡስ መሳፈሪያ ካርዱን ይዞ ቆሟል።

«ባልዱሪ ነው የምትሄጂው» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ፈትተሽ ቦርሳሽ ውስጥ የከተትሽው ጠዋት ነው፤ አሮጌ የመቃብር ድንጋይ በመስታወት እንደሚነበብ እኔም አውቃለሁ። ፂሜን በሻይ ማንኪያ እያየሁ ተላጨሁ።» መስታወቱን ለመዋቢያ ፈልጌው ነበር የወሰድኩት፤ አልተከራከርኩትም። «ካለ አብረን እናየዋለን» አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከተሳፈርንበት ዳቦ ቤት ደጃፍ የገዛሁትን ሁለት ብራይዲ፣ ሥጋ የታሸገበት ዳቦ፣ በወረቀት እንደተጠቀለለ ጭኔ ላይ ይዣለሁ፤ የሥጋው ሙቀት በቀሚሴ ያልፋል። ብላ ብለው አልበላም። በመስኮቱ የታረሰውን መሬት ያያል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው አያቴ ዳንዲ ጆንያ በሚሠራ የጁት ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ከዚህ ያወጣው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተመለሰም። ዕድሜ ልኩን የአርባ ደቂቃ መንገድ ፈርቶ ኖሯል። እኔም ስላልጠየቅኩት አብሬው ፈርቻለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል፤ ጣሪያው ላይ እርግብ አለ። ግቢው በዝቅተኛ የድንጋይ አጥር ተከቧል፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ነው። ደግነቱ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከአጥሩ ጀምረን ረድፍ በረድፍ ሄድን፤ እኔ አነባለሁ፣ አባቴ መስታወቱን ይይዝልኛል። ኦጊልቪ፣ ሙዲ፣ ላየል፣ እንደገና ሙዲ። ሴቶቹ እንደ አገሩ ወግ በየአባታቸው ስም ከባሎቻቸው ጎን ተኝተዋል። የአራት ዓመት ልጆች፣ በውሃ የሞቱ ሰዎች፣ «ታማኝ አገልጋይ» የተባለች ገረድ። የአባቴን እናት ወገኖች ባገኝ ኖሮ ደስ ባለኝ፣ ግን ዓይኔ አንድ ስም ብቻ ነበር የሚፈራው። አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር ትንፋሼን እለቃለሁ። በመጨረሻ የቀረው ከቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ ግድግዳ ሥር ያለው፣ ላዩን ሐረግ የወረሰው፣ ግርጌው ሣር ውስጥ የሰመጠ አንድ ግራጫ ድንጋይ ነው። የድንጋይ ሽበት በቅሎበት ፊቱ አይታይም።

«ከጎን አድርገህ ያዘው» አልኩት። መስታወቱን አዘነበለ፤ ብርሃኑ በድንጋዩ ላይ ተንሸራተተና ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። መጀመሪያ አላነበብኩትም፤ አየሁት ብቻ። አባቴ ነው ያነበበው። የራሱን ስም ማንበብ ማን ያቅተዋል?

«ሙርዶ ኒኮልሰን» አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን መሥመር፦ «በስካይ ደሴት የተወለደ።»

መስታወቱ በእጁ ላይ ዞረና ጽሑፉ ጠፋ። ሌክሲ እውነቷን ነበር። ስሙ ብቻ ሳይሆን ደሴቱም፣ መቃብሩም፣ ሁሉም እንዳለችው። አባቴ መስታወቱን በቀስታ ኮቱ ላይ ጠረገውና ለእኔ ሰጠኝ። «በቃ ልጄ። አየነው። አውቶቡሱ እንዳያመልጠን» አለኝ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነው፤ ፊቱ ግን የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ፊት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

መሄድ ነበረብን። ግን እኔ ስናደድ እጄ አያርፍም። እናቴ በሕይወቷ ሳለች «አንቺ ልጅ ሙግት ካጣሽ ከግድግዳ ጋር ትጋጫለሽ» ትለኝ ነበር። አንድ ድንች ለቃሚ መጥቶ፣ አባቴን ዕድሜ ልኩን አንገት አስደፍቶ፣ ራሱ በሐረግ ተሸፍኖ ተኝቷል ብዬ ገነፈልኩ። ቢያንስ ሙሉ ፊቱን ልየው አልኩና የሐረጉን ግንድ በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት። ከነአፈሩ፣ ከነቀንድ አውጣው ወረደ። ከስሙ በላይ ሌላ መሥመር ነበር። ሐረጉ ሸፍኖት ሽበት ስላልነካው ንጹሕ ነው፤ መስታወትም አላስፈለገውም።

«በዚህ ደብር ቄስ ለነበረው» ይላል።

«አባዬ» አልኩ። «አባዬ፣ ና። ቄስ ነው።»

ተንበርክኬ ግርጌውን ሣር በጥፍሬ ቆፈርኩ። አባቴ መስታወቱን መልሶ ያዘና ብርሃኑን ወደ ታች አወረደልኝ። በአፍሪካ፣ በኒያሳላንድ፣ ወንጌልን አራት ዓመት ካገለገለ በኋላ ሜይ 5 ቀን 1938 ለዚህ ደብር ተሾመ። በሚቀጥለው ዓመት በፌብሩዋሪ በሳንባ ምች ዐረፈ። ዕድሜው ሠላሳ ሦስት። ድንጋዩን ያቆሙለት ምእመናኑ ናቸው።

አባቴ ከጎኔ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ የቀብር ኮቱን ለብሶ፣ እርጥብ ሣር ላይ። «ሜይ ስምንት ነው የተጠመቅኩት» አለ። «እሑድ ነው። ስሜና ቀኑ ብቻ ያለበት የጥምቀት ካርዴ እናቴ አልጋ ራስጌ ተሰቅሎ ነበር። ሐሙስ ተሾመ፣ እሑድ አጠመቀኝ።» ሁለታችንም የቀረውን መናገር አላስፈለገንም፤ በዚህ አገር አዲስ ቄስ ሲሾም መጀመሪያ የሚያጠምቀው ልጅ የቄሱን ስም ይወስዳል። ወንድ ከሆነ ሙሉውን። ክብር ነው፣ ለልጁም በረከት ነው ይባላል፤ እምቢ የሚል ወላጅ የለም፣ የአያትም ስም ቢሆን ቦታ ይለቅለታል። ሞሊሰኖች ከሌላኛው ቤተ ክርስቲያን በመሆናቸው ደጁን ስላልረገጡ የቄሱን ስም አያውቁም፤ ቄሱም ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሁሉም ረሳው። ከእሱ የቀረው ስካይ የሚለው ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም ሌክሲ ድንች ላይ ደፋችው።

አባቴ መሳቅ ጀመረ። እየሳቀ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። «ድንች ለቃሚ» ይላል፣ ይስቃል፣ «ቫዮሊን ይጫወት ነበር» ይላል፣ እንደገና ይስቃል። እኔም ሳቅኩ፤ ደረቴ ላይ ለካ አንድ ነገር ተቀምጦ ኖሯል፣ ሲነሣ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ቀዝቅዞ የነበረውን ብራይዲ ጠየቀኝና አንዱን ከጨረሰ በኋላ የእኔንም በላው። ከመሄዳችን በፊት ድንጋዩን በስልኬ ፎቶ አነሣሁት፤ እሱ ደግሞ የወደቀውን ሐረግ ሰብስቦ አጥሩ ሥር ከመረና ባርኔጣውን አንሥቶ ለቄሱ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ኤፊ ቤት የደረስነው መብራት ከበራ በኋላ ነው። የእኔ ድስት ታጥቦ የበሩ ጥግ ተቀምጧል፤ ያለክዳኑ። ክዳኑን ስሰጣት ተቀበለችኝ፣ ፊቷም ትንሽ ቀላ፤ በሩ ገርበብ ብሎ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላት መሰለኝ። ሳሎኑ ሞቃት ነው፤ ለነገ የተከራየቻቸው ስኒዎች በፎጣ ላይ ተደፍተዋል፣ ለቀብሩ ምሳ የስቴክ ፓይ የታዘዘለት ሰው ብዛት በወረቀት ተጽፎ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። የዶድ ወንበር ከቴሌቪዥኑ ፊት ባዶውን አለ። አባቴ ሊቀመጥበት ሲል «እሱ ላይ አይሆንም» አለችው፤ ደረቅ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ከዶድ ሞት ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ያወሩት አንድ ነገር የለም።

«እንግዲህ ሰምተሻል» አለችኝ። «ክፋት አይደለም። ሥርዓት ነው።»

«ሰምቻለሁ» አልኳት፤ ሌላ ጊዜ አንቺ እላታለሁ፣ ያን ቀን ግን አፌ እንቢ አለኝ። «ይህን ይመልከቱልኝ» ብዬ ስልኬን ሰጠኋት።

መነጽሯን አድርጋ ስሙን ስታነብ አፏ ጥግ ላይ አንድ ነገር ታየ፤ «አላልኩም?» የሚል። በጣቴ ምስሉን ወደ ላይ ገፋሁላት። ቄስ የሚለውን አነበበች። ወደ ታች ገፋሁላት። ቀኑን አነበበች። ተመልሳ ወደ ላይ ሄደች።

«ቄሱ ራሱ ቢሆንስ?» አለች፤ ድምፅዋ ግን ልቡ የለበትም።

«አባቴ ሲረገዝ ሰውየው አፍሪካ ነበር። ተጽፏል፣ ያንብቡት። በደብዳቤ አይረገዝም መቼም።»

ኤፊ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ምንጣፉን ያያል፤ አንድም ቃል አልጠየቃትም፣ አልወቀሳትም። እኔ ብሆን ወቅሻት ነበር፤ አፌን የያዝኩት ለእሱ ብዬ ነው።

«የእናቴ ወንድም ፋርኳር ስሙየር ነበር የሚባለው» አለች ኤፊ በመጨረሻ። «በቤታችን ፋርኳርም ስሙየርም የለም። የአዲስ ቄስ ስም ነው። ይህን እያወቅሁ…» መነጽሯን አወለቀች። «ሌክሲ ስትነግረኝ የሃያ ሁለት ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። የነገሩኝን ያዝኩ። ሙርዶ፣ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩትም።»

«ማንም አላሰበውም» አለ አባቴ። «እኔም ጭምር።»

ተነሥታ ስልኳን አነሣችና ኤክ ጋ ደወለች። ኤክ ድምፁ ትልቅ ነው፤ ከእኔ መቀመጫ ድረስ ይሰማል። ስለ ቄሱ ልትነግረው ጀምራ ነበር፤ እሱ ግን የሰማው አንደኛው ገመድ ተወሰደብህ የሚለውን ብቻ ነው። «እግዚአብሔር ይስጥሽ!» አለ። «ትከሻዬ እኮ ሻይ ማንሣት አቅቶታል። ዶድን መቃብር ውስጥ ጥዬው ልሰደብ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ስምንተኛውን ስጪኝ። ወይ ምንም አትስጪኝ፣ ፓይ እበላለሁ።» ኤፊ ከዶድ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት፤ ስትስቅ ደግሞ አለቀሰች። ከመሳቢያው ቀብር አስፈጻሚው የተወላትን ባዶ ካርድ አወጣች፤ በሣጥኑ ሥዕል ራስጌ በኩል አንድ ቁጥርን ጻፈች፤ ከሥሩ ሙሉ ስሙን፣ ኒኮልሰንን ሳትዘል። ሰጠችውና «ደረቅ ወንበር ላይ ምን አስቀመጠህ? እዚያ ሂድ» አለችው፣ ወደ ዶድ ወንበር እያመለከተች። ሄዶ ተቀመጠ። ሻይ ስትቀዳለት «ስኳር ሁለት ነው አይደል?» አለችው። ስልሳ ዓመት ገደማ ሻይ ቀድታለታለች፤ ያን ቀን ግን ጠየቀችው።

ቤት ስንመለስ ኮቱን ከወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለና ካርዱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ አወጣው፤ አነበበው፤ መልሶ ከተተው። መስታወቱን ቦታው መልሼ ሰቀልኩለት። ማሞቂያውን ራሱ ሄዶ አበራው።

«የአባቴ ቀብር ላይም አንደኛውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አለኝ፣ ጀርባውን ለማሞቂያው ሰጥቶ። «እናቴ ናት ያዘዘችው። ሌክሲ ከማዶ ቆማ ታየኛለች። ገመዱን ያወረድኩት ቀና ሳልል ነበር። የሰው ዕቃ የሰረቅኩ መስሎኝ።» እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ማሞቂያው ላይ አሞቃቸው። «አባቴ ስለ ስሜ አንድም ቀን አንሥቶልኝ አያውቅም። አፍሮብኝ ነው ብዬ ነበር። ለካ የሚደብቀው ነገር ስለሌለው ነው ዝም ያለው። ከነስሜ አቅፎ ከቤተ ክርስቲያን ይዞኝ የመጣው እሱ ነው።»

ወደ መኝታው ሄደ። በሩን ሊዘጋ ሲል ግን ተመለሰ፤ ኮቱን ነካው፣ ካርዱ ባለበት በኩል።

«ያ የአባቴ ገመድ» አለኝ፣ «የራሴ ነበር እኮ፣ ሮና።»

ከዚያ በሩን ዘጋ፤ ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋቱን ሰማሁ።